ጠበልና በረኪና በአንድ መደርደሪያ

እኛ ሰዎች የምናከብረውን ነገር ከፍ ማድረግ እንወዳለን። ቤተ ክርስቲያናችንን ከጉብታ ላይ እንሠራለን። ሽማግሌ ሲመጣብን «ከፍ ይበሉ እንጂ» እያልን ወደ መደቡ ራስ እናስጠጋለን። ዳዊቱን፣ የሟች አባታችንን ፎቶግራፍ፣ የልጃችንን የትምህርት ቤት ሽልማት ከግድግዳው ላይኛ ወገን እንሰቅላለን። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ታዲያ የምንፈራውንም ነገር የምናወጣው እዚያው ነው። ምላጩ፣ የአይጥ መርዙ፣ ክብሪቱ፣ ጊዜው ያለፈበት ክኒን፣ ሁሉም የልጅ እጅ እንዳይደርስበት ተብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እናንተም አሁን ቀና ብላችሁ የቤታችሁን የላይኛውን መደርደሪያ ብታዩ፣ የሚከበረውና የሚፈራው ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተቀምጠው ታገኙ ይሆናል። ይህን ነገር ከእኔ አስቀድሞ ያስተዋለ ሰው ደባርቅ ውስጥ መኖሩን እንጃ። አስተዋይ ሆኜ ግን አይደለም። ደርሶብኝ ነው።

ስሜ ደጀኔ ነው፤ የተራራ ወጥ ቤት ነኝ። በሰሜን ተራሮች ፓርክ፣ ሳንቃ በር ላይ ድንኳን ተክለው ለሚያድሩ እንግዶች ሳበስል ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የከተማው ወጣቶች «ኩክ» ይሉኛል። ከበየዳ መጥተው አብረውን የሚኖሩት አማቴ እትዬ ደስታ ግን፣ ሰው ሥራዬን ሲጠይቃቸው «በቅሎ አስጭኖ ተራራ የሚወጣ ነው» ይሉና ነገሩን እዚያው ላይ ያቆሙታል። ልጃቸውን ወጥ ለሚሠራ ወንድ መዳራቸውን ለማመን ገና ጊዜ ይፈልጋሉ።

በሥራዬ ላይ ግን፣ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና፣ ጠንቃቃ ነኝ። ያልፈላ ውሃ ለእንግዳ አላቀርብም። ነጭ ጋዙ በቀይ ጀሪካን ሆኖ፣ ከዱቄቱ ርቆ፣ ለብቻው በሌላ በቅሎ ነው የሚጫነው። ጨው ቢሉ ስኳር፣ ሳሙና ቢሉ ዘይት፣ ወረቀት ለጥፌ ስሙን ሳልጽፍበት ድንኳኔ ውስጥ የሚገባ ዕቃ የለም። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ እኔ ደግሞ እንዳይለቅ በፕላስተር አጣብቀዋለሁ። አንድ ባዕድ ሰው እኔ ባበሰልኩት ምግብ ሆዱን ቢቆርጠው ስሜ ከተራራው ተንከባልሎ ገደል ይገባል።

ቤቴስ? ቤቴማ ቤቴ ነዋ! የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል። ለማላውቀው እንግዳ ውሃ ሳፈላ የኖርኩ ሰውዬ፣ በገዛ ቤቴ የቱ ዕቃ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ባለቤቴ ጥሩወርቅ ለአንድ ፔንሲዮን አንሶላ ታጥባለች። አንሶላ ያለ በረኪና አይነጣም። በረኪናውን ከሱቅ በጀሪካን እያመጣች፣ ለእጅ እንዲመቻት በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ትቀዳዋለች። ይህን የሚያደርግ ሌላ ሰው አታውቁም? እኔ ከእሷ ሌላ የሚያደርገውን ከምቆጥር የማያደርገውን ብቆጥር ይቀለኛል። የውሃ ፕላስቲክ በእኛ አገር ውሃው ካለቀ በኋላ ነው ዕድሜው የሚጀምረው። ዘይት ይሆናል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ጠላ ይሆናል፣ ጠበል ይሆናል። ክዳኑ ያው ሰማያዊ ነው።

እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ከተራራው ይልቅ ቤት መዋል አበዛሁ። ልጃችን ሶስና ያን ጊዜ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆናት ነው። የምትይዘው ነገር ካገኘች እንደ ጭላዳ ዝንጀሮ ሽቅብ ትወጣለች፤ የምትይዘው ካጣች የአያቷን ቀሚስ ይዛ ትወጣለች። በእንዲህ ያለው ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች ልጅ ቤት ለቤት ስትዞር እኛም ዘንድ ገባች። ቁጭ በይ ብንላት አልቀመጥ አለች። ዓይኗ ከወለሉ አልነሣ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች፣ በብዕሯ እየጠቆመች።

«በረኪና» አልኳት።

«አጠገቡ ያለውስ?»

«ውሃ።»

«በምን ትለዩታላችሁ?»

«እኛማ እናውቀዋለን።»

«ሶስናስ?»

ፕላስቲኮቹን በእግሬ ወደ ግድግዳው ገፋ ገፋ አደረግኳቸው። ሠራተኛዋም አልጨቀጨቀችኝም። በመጣበት ዕቃ ይቀመጥ፣ ስሙ ይጻፍበት፣ ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ካለ ቦታ ይሁን፣ ይቆለፍበት ብላ መክራኝ ወደ ጎረቤት አለፈች። አራት ነገር ነው የተናገረችው። እኔ የሰማሁት «ከፍ ካለ ቦታ» የሚለውን ብቻ ነው። ምክር ሲሰጠን የሚቀለውን መርጠን መስማት ከአያቶቻችን የወረስነው ጥበብ ነው፤ ሐኪም «ጨው ተው፣ ጠጅ ተው፣ በእግርህ ሂድ» ቢለን በእግራችን ወደ ጠጅ ቤት እንሄዳለን።

ያን ሳምንት ቤቴን እንደ ካምፕ ላደርገው ቆርጬ ተነሣሁ። ሶኬቶቹን በፕላስተር ሸፈንኩ። ቴሌቪዥኑን ሶስና ጎትታ በራሷ ላይ እንዳትጥለው ከግድግዳው ጋር አሰርኩት። የውሃውን በርሜል ክዳን ሠራሁለት። ቢላዎቹን ሰበሰብኩ፤ አማቴ ለሦስት ቀን ሽንኩርት በምን እንደሚከትፉ ግራ ገብቷቸው ዋሉ። በመጨረሻም ሦስቱን የበረኪና ፕላስቲኮች ከወለሉ አንሥቼ፣ ከበሩ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ወንበር ላይ ቆሜ ደረደርኳቸው። መደርደሪያው ላይ ቀድሞ የነበሩት አንድ የጸሎት መጽሐፍና እትዬ ደስታ ከአገራቸው ያመጡት አንድ ፕላስቲክ ጠበል ናቸው። ገፋ አድርጌ ቦታ አስለቀቅኳቸው።

«እህ?» አልኳት ጥሩወርቅን፣ እጄን እያራገፍኩ።

እሷ ምንም አላለችም። ዝምታዋን እኔ ሁልጊዜ እንደ ምስጋና ነው የምቆጥረው። በትዳራችን ውስጥ ብዙ የተመሰገንኩ ሰው ነኝ።

እንዲህ ሆነን ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ያን ዕለት እንደምታውቁት ሁሉም ሰው ቆሻሻውን ጠርጎ ከደጁ ያቃጥላል፤ በሽታን ከቤት ለማባረር ነው። ደባርቅ ከጠዋት ጀምራ ጢስ ውስጥ ገብታለች። ብርዱ ደግሞ ሰሞኑን ሁላችንንም በጉንፋን ጥሎናል። እኔ፣ ጥሩወርቅ፣ አማቴ፣ ልጅቷም ጭምር፣ አፍንጫ የሚባል ነገር ፊታችን ላይ ያለው ለመልክ ብቻ ነበር።

ቅዳሴ ወጥተው፣ ከቀትር በኋላ የንስሐ አባታችን ቄስ ሞገስ መጡ። ከአምባራስ ወዲያ ካለ ገጠር ነው የሚኖሩት፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ ነው፤ አንድ ቃል ተናግረው ሌላውን እስኪያመጡ ድረስ እኛ የፊተኛውን በደንብ አስበን እንጨርሰዋለን። ተቀብለን መስቀል ተሳልመን አስቀመጥናቸው። ያለማቋረጥ ያስነጥሳሉ፤ እሳቸውም አልቀረላቸውም።

«እስቲ ቤቱን እንባርክ» አሉ። «ውሃ... በንጹሕ ዕቃ... አምጡልኝ።»

ጥሩወርቅ ከመጠጥ ውሃው ጀሪካን ወደ ሳህን ቀዳች። ይሄኔ እትዬ ደስታ «አባቴ፣ ከአገሬ ያመጣሁት ጠበል አለ፤ ይጨመርበት እንዴ?» አሉ።

«መልካም። ይጨመር።»

ወንበር ላይ ወጣሁ። አራቱ ፕላስቲኮች እንደ አራት ወንድማማች ቆመዋል። እኔም የማውቀውን ያህል አውቄ፣ በሙሉ ልብ አንዱን አንሥቼ ወረድኩ። ከፍቼ እስከ ጠብታው ገለበጥኩት። ሸተተኝ? ምንም አልሸተተኝም። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ጸሎቱን ጀመሩ። ጸሎቱ ረጅም ነበር፤ እኛም ራሳችንን ደፍተን ቆምን።

ከዚያ መርጨት ሆነ። አራቱን የቤቱን ማዕዘን ረጩ። ቀጥሎ በዕድሜ የሚበልጡት እትዬ ደስታ ናቸውና ፊታቸውን ሽቅብ አድርገው ቀረቡ። ቄስ ሞገስ ሞላ አድርገው ዘፈቁና ረጩባቸው።

«ወይኔ ዓይኔን!» ብለው ጮኹ አማቴ።

ቄሱም መስቀላቸውን ወደ እሳቸው አስጠጉና፣ በዚያ በረጋ ድምፅ «አይዞሽ ልጄ... ይውጣልሽ... ይለቅሻል» እያሉ ጨመሩላቸው።

ተራው የእኔ ሆነ። ጥቁሩን የሠርጌን ኮት ለብሻለሁ፤ ሶስናን ታቅፌያለሁ። ውሃው ግንባሬን፣ ጉንጬን፣ ትከሻዬን መታኝ። ፊቴን መለብለብ ያዘኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? እኔ ኃጢአቴ እየተቃጠለ መሰለኝ። እውነቴን ነው። የአማቴንም ጩኸት ሰምቻለሁና፣ «ከእሳቸው ይልቅ እኔ ምን ያህል ብበድል ነው» እያልኩ በየዓመቱ ያደረግኳቸውን እየቆጠርኩ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ሶስናን የጋረዳት የእኔ ትከሻ ነበር።

«ይህቺ ደግሞ ትቅመስ» አሉ ቄሱ። በቀኝ መዳፋቸው ጭልፍ አድርገው ወደ ልጅቷ አፍ አስጠጉ። ሶስና ውሃ ትወዳለች። አፏን አሞጥሙጣ ወደ መዳፋቸው ዘንበል አለች።

ጥሩወርቅ ከኋላዬ ነበር የቆመችው። የምታየው ጀርባዬን ነው። ኮቴ ላይ፣ ጥቁሩ ላይ፣ ቀያይ ነጠብጣብ ቦግ ቦግ እያለ ሲወጣ አየች። ልብስ አጣቢ ናት። ያንን ቀለም የሚያወጣ ነገር በዓለም ላይ አንድ ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

የቄሱን እጅ መታችው።

ገፋች አይደለም፣ ያዘች አይደለም፤ መታች። ጧ አለ። ውሃው ጢማቸው ላይና ግድግዳው ላይ ተበተነ። እኔ የነበርኩበት ላይ ደረቅሁ። በእኛ ዘንድ የንስሐ አባት እጅ ይሳማል እንጂ አይመታም። ዓይናቸውን ጨፍነው የቆሙት አማቴ እንኳን ድምፁን ሰምተው «ምንድን ነው? ማን ማንን መታ?» አሉ።

«በረኪና ነው!» ብላ ጮኸች ጥሩወርቅ። «ደጀኔ፣ ውሃ! የጀሪካኑን ውሃ!»

የሶስና ከንፈር እርጥብ ነው። ምላሷን አውጥታ ላሰችውና ፊቷን አኮማተረች፤ ከዚያም ማልቀስ ጀመረች። ገደል አፋፍ ላይ ድንኳን ተክዬ፣ ነብር ሲያጉረመርም ሰምቼ ያልፈራሁ ሰውዬ፣ በገዛ ሳሎኔ የአንዲት ሕፃን ምላስ አስፈራኝ። ምን ያህል ዋጠች? አንድ ጠብታ? አንድ ጉንጭ? ማንም አያውቅም። ከእኛ መሐል የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ የምታለቅሰው ለዚህ የሚሆን ቃል ሳይኖራት ነው።

«አስመልሷት! ጣትሽን አስገቢ!» አሉ እትዬ ደስታ።

ጥሩወርቅ ጣቷን ልታስገባ ስትል እጇን ያዝኩ። ለካምፕ ሠራተኞች በተሰጠን የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ላይ የሰማሁት ትዝ አለኝ። «ተይ! ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥላል። አፏን እጠቢያት። በትንሽ በትንሹ ውሃ አጠጪያት።» ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። እሷ የልጅቷን አፍና ፊት ስታጥብ፣ እኔ የአማቴን ዓይን ገልጬ የጀሪካኑን ውሃ እያንቆረቆርኩ አጠብኩ። ቄስ ሞገስ ሳህኑን አንሥተው ወደ ደጅ ሊደፉት ሲሉ ቆም አሉ። የተጸለየበት ነው። የሚመርዝም ነው። ያን ያህል ግራ የተጋባ ፊት አይቼ አላውቅም። በመጨረሻ «ይቅር በለኝ» ብለው ሰው ከማይረግጠው ከአጥሩ ሥር አፈሰሱት።

በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀን ጤና ጣቢያ ሄድን። ፊት ከሾፌሩ ጎን እኔ፣ ከኋላ ሶስናን የታቀፈች ጥሩወርቅ፣ በነጠላ ዓይናቸውን የሸፈኑ አማቴ፣ መስቀላቸውን የጨበጡ ቄስ። ሾፌሩ በመስታወት እያየን ምንም ሳይጠይቅ ነዳ።

የተቀበለችን ነርስ የአማቴን ዓይን እንደገና ለረጅም ጊዜ አጠበች። የሶስናን አፍ በባትሪ አየች። ከዚያ ካርዷን አውጥታ «ማን ነው የረጨው?» አለች።

ሁላችንም ወለሉን አየን።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ቄስ ሞገስ።

«የቀዳሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ፕላስቲኩ ውስጥ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለች ጥሩወርቅ።

«ይጨመር ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ደስታ በተሸፈነ ዓይናቸው፣ ከማን አንሼ በሚል ቃና። ነርሷ ሁላችንንም በተራ አየችንና ምን እንደጻፈች እንጃ አንድ መስመር ጻፈች። ከዚያ እስኪመሽ እዚያው ሆነን ልጅቷን እንድንጠብቃት ነገረችን።

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶስና ዳቦ ጠየቀች። እኔ ዳቦ የሚለውን ቃል ያን ያህል ቆንጆ ሆኖ ሰምቼው አላውቅም።

ይሄኔ ነው ጥሩወርቅ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ከቄሱ እግር ሥር ዝቅ ያለችው። «አባቴ ይፍቱኝ፤ እጅዎን መታሁ» ብላ አለቀሰች። ከዚያ በፊት አላለቀሰችም ነበር።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ከእግራቸው ሥር እያነሷት ደግሞ፣ «ግን ከምኑ እንደምፈታሽ... እኔም አላወቅሁት። ያቺ እጅሽ ባትቀድም እኔን ማን ይፈታኝ ነበር?» አሉ።

ከዚያ በኋላ መዳፋቸውን ገልብጠው ያያሉ፣ መልሰው ያያሉ። ነርሷ ሶስናን በድጋሚ አይታ ደኅና ናት ስትለን ሁላችንም «ተመስገን» አልን፤ ቄስ ሞገስ ግን ቆመው ነጠላቸውን ማጣፋት ጀመሩ።

«ወዴት ነው አባቴ? ምግብ እኮ አልቀመሱም፤ ቤት ገብተን እንጂ» አልኳቸው።

«የመጨረሻው መኪና ሳይሄድ ልድረስ» አሉ። «እቤቴ... የነቀዝ መድኃኒት አለ። ከዳዊቴ ኋላ ነው የሸጎጥኩት፤ ከፍ ያለ ነው ብዬ። የልጅ ልጆቼ ደግሞ... ዳዊቱን ሊሳለሙ ሳጥን ላይ ይወጣሉ።» ይህን ብለው ሄዱ። ረጋ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ወደ መናኸሪያው ሲወርዱ በትራቸው መሬት አይነካም ነበር።

የአማቴ ዓይን ሳምንት ያህል ቀልቶ ሰነበተና ዳነ። ለመጠየቅ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ነገሩን ሰምቶ መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ቡና እንኳን ሳይጠብቅ «ቤት የጣልኩት ነገር አለ» ብሎ ይነሣል። እኔም ማንንም «ቆይ» አልልም። ምን ትዝ እንዳለው አውቃለሁ።

እኔ ደግሞ ያቺ የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ የነገረችኝን የቀሩትን ሦስቱን ምክሮች እያፈርኩ ፈጸምኩ። ከሳንቃ ሳጥን ሠራሁ፣ ቁልፍ አበጀሁለት። በረኪናው በመጣበት ጀሪካን እዚያው ውስጥ ይቀመጣል፤ ስሙም በትልቁ ተጽፎበታል። ቁልፉን ማን ይያዝ በሚለው ላይ ጉባኤ አላስፈለገም፤ ጥሩወርቅ እጇን ዘረጋች፣ እኔም አስረከብኩ። ሦስቱን የውሃ ፕላስቲክ ደግሞ ማንም ምንም እንዳይቀዳባቸው በቢላ ቀዳድጄ ጣልኳቸው። ጠበሉ አሁን በሸክላ እንስራ ነው ያለው። ኮቴንም አልጣልኩትም። ሰው ስለ ነጠብጣቡ ሲጠይቀኝ እንደ ጠያቂው ሁኔታ እመልሳለሁ፤ ለወጣት ፋሽን ነው እላለሁ፣ ልጅ ላለው ሰው ቁጭ ብዬ ሁሉንም እነግረዋለሁ።

ጥምቀት አልፎ ቄስ ሞገስ ደግመው መጡ። እኛ ገና «ምን ይሉን ይሆን» ስንል፣ ካሉበት አካባቢ ወሬያቸው ቀድሟቸው ደርሶን ነበር። ቄሱ ካለፈው ኅዳር ጀምሮ፣ በየትም ቤት ገብተው ውሃ ሲቀርብላቸው፣ መስቀላቸውን ሳያነሡ በፊት የቤቱን አባወራ ያስቀምሱታል አሉ። ባለጸጋ ቢሆን፣ ሹም ቢሆን፣ የገዛ ወንድማቸው ቢሆን ያው ነው። አንዳንዱ ቅር ይለዋል። እሳቸው ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፣ ጠጥቶ እስኪጨርስ ደግሞ ዓይን ዓይኑን ያዩታል።

እኛም ዘንድ ሳህኑ ቀረበ። ቄስ ሞገስ ኩባያ አስመጡና በእጃቸው ጨልፈው ሰጡኝ።

«ጠጣ።»

ጠጣሁ። ጥሩወርቅ፣ ሶስና፣ አማቴ ጭምር ፊቴን ያያሉ። ግማሹን ጠጥቼ ኩባያውን ላወርድ ስል ጣታቸውን አወዛወዙ፤ እስከ ጠብታው ጨረስኩት።

«እንዴት ነው?»

«ምንም ምንም አይልም አባቴ።»

«እንግዲያው» አሉ መስቀላቸውን አንሥተው፣ «ይጸለይበት።»